የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ ታሪክና አሠራር፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አንጻር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተራራማ ቀበሌዎች አደጋ ሲደርስ ወሬው ለጎረቤት የሚደርስበት ዘዴ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። እሳት ሲነሣ ወይም ጎርፍ ሲመጣ ከአንዱ ኮረብታ የተሰማው እሪታ በሌላው ይደገማል፤ ደወል ይደወላል፤ በቀድሞው ዘመንም ክተት በነጋሪት ይታወጅ ነበር። የእነዚህ ሁሉ ጥቅም የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ድምፁ ከአደጋው ቀድሞ መድረስ አለበት። እሳትን እሪታ ይቀድመዋል፤ የመሬት መንቀጥቀጥን ግን አይቀድመውም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ቤት የሚያፈርሰው የመሬት ሞገድ በአለት ውስጥ በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይኸውም ዐሥር እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ የሰው ልጅ ለዚህ አደጋ ማስጠንቀቂያ ለማሰብ የቻለው ከሞገዱ የሚፈጥን መልእክተኛ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን፣ ካገኘ በኋላ ነው።

የአሳቡ አጀማመር

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በወደቁበት በ1868 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በብርቱ ነውጥ ተመታ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዶክተር ጄ. ዲ. ኩፐር በከተማው ጋዜጣ ላይ አንድ አሳብ አቀረቡ። ከከተማው ርቀው የሚተከሉ መሣሪያዎች ነውጡን እንዳወቁ በቴሌግራፍ ሽቦ መልእክት ይልካሉ፤ መልእክቱም በከተማው ውስጥ አንድ ታላቅ ደወል ያስደውላል። አሳቡ በዚያ ዘመን በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። መሠረቱ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ለሕዝብ የሚያገለግል ድርጅት የተቋቋመው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመስከረም 1985 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ የባሕር ጠረፍ የተነሣ ነውጥ በዋና ከተማው በሺህ የሚቆጠር ሰው ገደለ። ነውጡ የመጣው ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ስለ ነበር፣ መልእክት ቢላክ ኖሮ ጊዜ ይገኝ እንደ ነበር ሊቃውንቱ ተገነዘቡ። በ1991 እ.ኤ.አ. የማስጠንቀቂያው መረብ ሥራ ጀመረ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በተነሣ አንድ ነውጥም ዋና ከተማው 72 ሰከንድ አስቀድሞ ተነገረው። ጃፓን በበኩሏ በ2007 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያውን በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በስልክ ለመላው ሕዝቧ ማሠራጨት ጀመረች።

በኢትዮጵያ የተመዘገበው

በኢትዮጵያ ነውጥን በመሣሪያ መከታተል የተጀመረው ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በተቋቋመ ጊዜ ነው። የኦብዘርቫቶሪው መሥራች አባ ፒየር ጉዌን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው ነውጥ ማጀቴን አፈራረሰ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ መንደር ፈርሳ 40 ያህል ሰዎች ሞቱ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት በተደጋገመው ነውጥ ምክንያት በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከመኖሪያው ተነሥቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. ሕዝቡ የተነሣው የነውጡን መደጋገም በማየት ነው። ነውጡ የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት ቀድሞ ማወቅ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተቻለም። ማስጠንቀቂያም ትንቢት አይደለም፤ የተጀመረ ነውጥ ገና ላልደረሰበት ስፍራ የሚላክ ወሬ ነው።

አሠራሩና ወሰኑ

መሬት ሲሰነጠቅ ሁለት ዋና ሞገዶች ይነሣሉ። የፊተኛው በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝና ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ ነው፤ የኋለኛው ዘግይቶ ይመጣል፣ ጉዳቱ ግን ብርቱ ነው። መሣሪያዎቹ የፊተኛውን ተቀብለው የነውጡን ስፍራና ኃይል ያሰላሉ፤ ማስጠንቀቂያውም በብርሃን ፍጥነት ይሠራጫል።

ለምሳሌ ያህል በወልድያ አቅራቢያ፣ ደጋው ወደ አፋር በሚወርድበት ገደል ላይ፣ ነውጥ ቢነሣ እንበል። ነፋስ መውጫ በቀጥታ መስመር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የፊተኛው ሞገድ በ20፣ የኋለኛው በ34 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። በአካባቢው የተተከሉ መሣሪያዎች በ10 ሰከንድ ውስጥ መልእክት ቢልኩ ለነፋስ መውጫ 24 ሰከንድ ይተርፋል። 170 ኪሎ ሜትር ያህል ለምትርቀው ለእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከ35 ሰከንድ በላይ ይገኛል። ለወልድያ ግን ምንም አይተርፍም። የዘዴው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ነውጡ በሚበረታበት ስፍራ ጊዜ የለም፣ ጊዜ በሚገኝበት ስፍራ ደግሞ ነውጡ ደክሟል። በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። የነውጡ መነሻ ለዋና ከተማው ቅርብ ስለ ነበር ደወሉ የተሰማው ነውጡ ከደረሰ በኋላ ነው ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከሁለት ሰዓት በፊት መላው ከተማ ልምምድ አድርጎ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ለትምህርት ቤት ያለው ትርጉም

ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው፤ የዛሬው ብርቱ ነውጥ የሚነሣው ግን በአብዛኛው በስምጥ ሸለቆና በአፋር ዳርቻ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ወረዳዎች ፍርሃት መዝራት አያስፈልግም። ነገር ግን በገደል አፋፍ የተሠራ የድንጋይ ቤትና ክፍሉ በተማሪ የተሞላ ትምህርት ቤት በሩቅ ነውጥም ሊጎዱ ይችላሉ።

መምህራን ማሠልጠኛ ሊያስተምረው የሚገባው ትምህርት ከዚህ ይወጣል። የሁለቱ ሞገዶች ሩጫ ለሒሳብና ለፊዚክስ መልካም ምሳሌ ነው፤ ተማሪው የራሱን መንደር ርቀት በካርታ ለክቶ የሚተርፈውን ሰከንድ ሊያሰላ ይችላል። ከዚያም በ24 ሰከንድ ምን እንደሚሠራ ይለማመድ፤ ከግድግዳና ከመስኮት ይራቅ፣ ከጠረጴዛ ሥር ይግባ፣ ራሱን ይሸፍን፣ በር ላይ አይጋፋ። መሣሪያ ውድ ነው፤ ልምምድ ግን ከደወልና ከመምህር በቀር የሚጠይቀው የለም። የጋይንት ሰው እሪታ ሲሰማ ወዴት እንደሚሮጥ የሚያውቀው ከልጅነቱ ስለ ለመደው ነው፤ አዲሱም ደወል እንዲሁ ካልተለመደ፣ ከነውጡ ቢቀድምም ከከንቱ ጩኸት አያልፍም።