ላንግዶክ

ላንግዶክ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሮን ወንዝ በስተ ምዕራብ የሚገኝና እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የሚዘልቅ ታሪካዊ ግዛት ነው። ስሙ ከወንዝም ከተራራም አልመጣም፤ የመጣው «አዎ» ከሚል ቃል ነው።

በመካከለኛው ዘመን የደቡቡ ሰው እሺታውን «ኦክ» ብሎ ሲገልጽ፣ የሰሜኑ «ኦይል» ይል ነበር። «ኦክ» የላቲኑ «ሆክ» («ይህ») ነው፤ ሲጠየቁ «ይህ ነው» ብሎ እንደመመለስ ያለ። «ኦይል» ደግሞ «ሆክ ኢሌ» ከሚለው ተነሥቶ ዛሬ ፈረንሳዮች የሚሉት «ዊ» ሆኗል። ጣሊያናዊው ገጣሚ ዳንቴ በ14ኛው መቶ ዘመን መባቻ ቋንቋዎችን በዚሁ በ«አዎ» ለይቷቸዋል፦ «ኦክ»፣ «ኦይል»፣ የራሱ ወገኖች «ሲ»። ላንግ «ቋንቋ» ስለሆነ፣ ላንግዶክ «የኦክ ቋንቋ» ማለት ነው።

የቋንቋው ስም የአገር ስም የሆነው የቱሉዝ ግዛት በ1271 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ ዘውድ ሥር ከገባ በኋላ ነው። ስያሜው ግን ቋንቋው የሚነገርበትን አገር ሁሉ አያዳርስም። ጎረቤቷ ፕሮቫንስ ያንኑ ቋንቋ እየተናገረች፣ «ፕሮቪንኪያ» («ክፍለ ግዛት») ከሚለው የሮማውያን ቃል የወረሰችውን ስም ይዛ ቀርታለች።

የፈረንሳይ አብዮት በ1790 የቀድሞዎቹን ክፍላተ ግዛት ሲሽር ላንግዶክም አብሮ ፈረሰ። በ2016 የተዋቀረው ሰፊ ክልል ስም፣ ኦክሲታኒ፣ ግን ያችኑ «ኦክ» ይዟል። ዛሬ በቱሉዝ ሜትሮ የጣቢያዎቹ ስም በፈረንሳይኛ ከተነገረ በኋላ በኦክሲታንኛ (በኦክ ቋንቋ) ይደገማል።