ጨዋታን ስለ ማስቆም

ጨዋታ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ፤ በዚህ ጽሑፍ የማወሳው ነገር ሁሉ ባልደረሰም ነበር። ሰዎች ኳስ ሲጫወቱ ማየት የማይወድ ሰው ቢኖር ወደ ሜዳው አለመሄድ ይበቃዋል። ነገር ግን አንድ መንግሥት ጥቁሩ በነጩ ወንበር እንዳይቀመጥ፣ በነጩ ሰፈር እንዳያድር፣ ከነጩ ጋራም በአንድ ቡድን እንዳይጫወት ካደረገ በኋላ፤ ነጮች ብቻ የተመረጡበትን ቡድን «የአገራችን ቡድን ይህ ነው» ብሎ ወደ ውጭ አገር ሲልክ፤ ያ ቡድን ኳስ ብቻ ይዞ አይሄድም፤ የዚያን ሥርዓት ክብርም ተሸክሞ ይሄዳል። ደቡብ አፍሪቃ ለብዙ ዓመታት ያደረገችው ይህንኑ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቡድን መቃወም ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው አልከራከርም፤ ተገቢ ነው። የምከራከረው ከዚያ በሚቀጥለው ጥያቄ ነው። ይኸውም ጨዋታውን ለማስቆም የተነሣ ሰው እስከ ምን ድረስ ሊሄድ ይገባዋል? የሚለው ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ጥያቄ ሰዎች በሻይ ቤት ሲጫወቱ ያነሡት አይምሰልህ። ስለ እርሱ የሞተ አለ፤ የገደለም አለ። ስለዚህ ታሪኩን ከጆሃንስበርግ እጀምራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በደቡብ አፍሪቃ ዘር የማይለይ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የሚባል ትንሽ ማኅበር ተቋቋመ። መሪው ዴኒስ ብሩተስ የተባለ መምህርና ባለቅኔ ነበር። ይህ ማኅበር ጠመንጃ አልነበረውም፤ መሣሪያው ደብዳቤ ነበር። ለዓለም የኦሊምፒክ ኮሚቴ፤ «ደንባችሁ ዘር አይለይም ይላልና፤ ዘር የሚለየውን ቡድን አትቀበሉት» እያለ ይጽፍ ነበር። ከዚህ የበለጠ ሰላማዊ ተቃውሞ ምን አለ? መንግሥት ግን ብሩተስን ከሰው ጋራ እንዳይሰበሰብ አገደው፤ በ1963 ያዘው፤ ሊያመልጥ ሲሮጥም በጆሃንስበርግ መንገድ ላይ በጥይት መታው፤ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ወደ ሮበን ደሴት ወኅኒ ላከው።

በእርሱ ቦታ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሆነው ጆን ሃሪስ የተባለ ነጭ ወጣት መምህር ነበር። ሃሪስ በ1963 ወደ ስዊስ አገር ሄዶ የማኅበሩን አቤቱታ በቃል አስረዳ። ሲመለስ ፓስፖርቱን ቀሙት፤ በሚከተለውም ዓመት ከማናቸውም የፖለቲካ ሥራ በእገዳ ከለከሉት። ዳሩ ግን ደብዳቤው ሠርቶ ነበር፤ ደቡብ አፍሪቃ ከ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ታገደች። የእኛ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ያ ኦሊምፒክ፤ ደቡብ አፍሪቃ የታገደችበት የመጀመሪያው ነበር።

ይህ ድል ግን ሃሪስን አላረካውም። ጓደኞቹ በየወኅኒው ተወርውረዋል፤ እርሱም አፉ ተለጕሟል። ሐምሌ 24 ቀን 1964 በጆሃንስበርግ ባቡር ጣቢያ፤ ለነጮች ብቻ በተለየው አዳራሽ ውስጥ፤ ቦምብ ያለበት ሻንጣ አስቀመጠ። ከመፈንዳቱ በፊት ለፖሊስና ለጋዜጦች ስልክ ደውሎ ሰዎቹን እንዲያስወጡ ነገራቸው። አዳራሹ ግን ባዶ አልሆነም። አንዲት የ77 ዓመት ባልቴት ሞቱ፤ ሌሎች ብዙ ሰዎችም ቈሰሉ። ሃሪስ ሚያዝያ 1 ቀን 1965 ተሰቀለ።

ስለዚህ ሰው ሁለት ዓይነት ንግግር አለ። አንዱ ነፍሰ ገዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ደግሞ መንግሥት በ1960 በሻርፕቪል ስልሳ ዘጠኝ ሰው ገድሎ ሳለ፤ ሃሪስ ደውሎ ነግሮ ነበርና ጥፋቱ የፖሊሶቹ ነው ይላል። ሁለተኛው ንግግር እኔን አያጠግበኝም። ደውሎ መንገር የሰውን ሕይወት ለጠላቱ ትጋት አደራ መስጠት ነው፤ እርሱ ደግሞ ያን ጠላት ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበር። እኚያ ባልቴት ወንድ ልጅ እንደ ጀግና እንዲጠራባቸው አልተጠየቁም። የመጀመሪያው ንግግር ግን ሙሉ እውነት አይደለም፤ ደብዳቤ ጸሐፊውን በጥይት የመታና ተናጋሪውን ዝም ያሰኘ መንግሥት፤ ቦምቡ በተቀመጠበት መንገድ ላይ የራሱ አሻራ አለበት።

በሃሪስ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ንግግሩን ያነበበው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። ስሙ ፒተር ሄይን ይባላል። ወላጆቹ የሃሪስ ወዳጆች ነበሩ፤ የሃሪስን ሚስትና ሕፃን ልጁን በቤታቸው ያስጠጉም እነርሱ ናቸው። በ1966 መላው ቤተ ሰብ ወደ ለንደን ተሰደደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፤ በ1969፤ ይህ ልጅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው፤ ደቡብ አፍሪቃውያን በእንግሊዝ አገር እንዳይጫወቱ ለማድረግ የተነሡ ወጣቶች መሪ ሆነ።

እንግሊዞች በዚያ ጊዜ ስለ ነገሩ ምንም አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። በ1968 ባዝል ዶሊቬራ የተባለ፤ በኬፕ ታውን የተወለደ፤ በቀለሙ ምክንያት በአገሩ ቡድን ሊገባ ያልቻለ ክሪኬት ተጫዋች፤ ለእንግሊዝ ተሰልፎ በአውስትራሊያ ላይ 158 ነጥብ አግብቶ ነበር። ወደ ደቡብ አፍሪቃ የሚሄደው የእንግሊዝ ቡድን ሲመረጥ በመጀመሪያ ተዘለለ፤ ከዚያ አንድ ተጫዋች ስለ ተጐዳ ገባ፤ የደቡብ አፍሪቃ ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተርም ይህን ቡድን አልቀበልም አለ። ጉዞውም ቀረ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፤ የእንግሊዝ ክሪኬት አለቆች የደቡብ አፍሪቃን የነጮች ቡድን ለ1970 በክብር ጋበዙት! አንዳንድ ጊዜ የሰው ጨዋነት ከድንቍርና ጋራ በአንድ ኮት ውስጥ ይኖራል።

ከክሪኬቱ በፊት ግን በኅዳር 1969 የራግቢ ቡድናቸው መጣ። ራግቢ እንቍላል የሚመስለውን ኳስ በእጅም በእግርም እየተሻሙ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የእነ ሄይን ዘዴ ቀላል ነበር፤ እንደ ተመልካች ትኬት ገዝቶ መግባት፣ ጨዋታው ሲሟሟቅ ወደ ሜዳው ሮጦ መቀመጥ፣ ፖሊስ እስኪጐትት ድረስ አለመነሣት። የመጀመሪያው ግጥሚያ በኦክስፎርድ ሊደረግ ታስቦ ሳለ፤ በሁከት ፍርሃት ቦታው ተለውጦ በለንደን ትዊክናም ሜዳ ተደረገ። በስዋንሲ ከተማ ለጸጥታ የተመደቡት የበጎ ፈቃድ ሰዎች ወደ ሜዳ የገቡትን ወጣቶች ክፉኛ ደበደቧቸው። ጕብኝቱ እስከ መጨረሻው ቀጠለ፤ ቡድኑ ግን ከአራቱ ዋና ዋና ግጥሚያዎች አንዱንም ሳያሸንፍ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ነው ክርክሩ የጋለው። ዴቪድ ሼፐርድ የተባሉት የዉሊች ጳጳስ፤ ቀድሞ የእንግሊዝ ክሪኬት ቡድን አለቃ የነበሩ፤ በ1960ም ከደቡብ አፍሪቃ ቡድን ጋራ አልጫወትም ያሉ ሰው ናቸው። እርሳቸው ሌላ ማኅበር አቋቋሙ፤ «ጕብኝቱን እንቃወማለን፤ ነገር ግን ሜዳ አንደፍርም፤ ሕግ አናፈርስም» አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ፤ «አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ብቻ እንቀመጥ ወይ?» ዓይነት መልስ ነበራቸው። የጳጳሱ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ በጥር 1970 በአንድ ሌሊት በብዙ የክሪኬት ሜዳዎች ላይ ቀለም ተቀባ፤ በአንዳንዱም ሣር የሚያደርቅ መድኃኒት ተረጨ። ዛሬ ሣር ያደረቀ እጅ ነገ ምን እንደሚያደርግ ማን ዋስ ይሆናል?

እኔ በዚህ ክርክር ወደ ወጣቶቹ አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው። በእኛ አገር በቀድሞ ዘመን ዳኛ ያዳላበት ሰው በንጉሥ መንገድ ላይ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ሲል የንጉሡን ሰልፍ ያውክ ነበር። ማወኩ ግን ድብደባ አይባልም። ያ ሰው ሌላውን ሳይነካ ራሱን ለአሽከሮች ዱላ አጋልጦ ይጮኻል። በስዋንሲ ሜዳ ላይ የተቀመጠውም ልጅ እንደዚሁ ነው፤ የተመልካቹን ደስታ ቀምቷል፤ የተመልካቹን ጥርስ ግን አልሰበረም፤ የተሰበረው የእርሱ ነው። ሰላማዊ ማለት ጸጥተኛ ማለት አይደለም። በጆሃንስበርግ ጣቢያ የተደረገው ግን ከዚህ ጋራ በአንድ ስም ሊጠራ አይችልም፤ ከቀብሩ የተመለሰው ልጅ ይህን ልዩነት በሚገባ የተማረ ይመስለኛል።

ክሪኬት ከራግቢ ይልቅ ለእንዲህ ያለው ተቃውሞ የተጋለጠ ነው። ራግቢ በሰማንያ ደቂቃ ያልቃል፤ ፖሊስ ክንዱን አያይዞ ሰማንያ ደቂቃ መቆም አያቅተውም። ታላቁ የክሪኬት ግጥሚያ ግን አምስት ቀን ይፈጃል፤ ኳሱ የሚነጥርበትም መሬት እንደ መስተዋት ካልተስተካከለ ጨዋታው ይበላሻል። አለቆቹ ይህን ሲረዱ ጕብኝቱን ከ28 ግጥሚያ ወደ 12 ቀነሱት፤ ሎርድስ የተባለውን ጥንታዊ ሜዳቸውንም በእሾሃማ ሽቦ አጠሩት። በዚያው ጊዜ የአፍሪቃ አገሮች ቡድኑ ከመጣ በኤዲንበራ ወደሚደረገው የኮመንዌልዝ ጨዋታ አንመጣም ብለው አስጠነቀቁ። በግንቦት 21 ቀን 1970 የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ካላሃን ጕብኝቱን እንዲተዉ ጠየቃቸው፤ በማግሥቱም ተዉት። ጳጳሱ አሸነፉ ወይስ ልጆቹ? እንደ እኔ ከሆነ፤ ሚኒስትሩ ልጆቹን ባይፈራ ጳጳሱን ባልሰማም ነበር፤ ጳጳሱም ባይኖሩ ለልጆቹ ተሸነፈ ላለመባል ሲል ይጸና ነበር።

ነገር ግን ይህን ፍርዴን የሚፈታተን ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም በኒው ዚላንድ የሆነው ነው። ኒው ዚላንዶች በ1960 የማዎሪ ተወላጆችን ትቶ ወደ ደቡብ አፍሪቃ የሚሄደውን ቡድናቸውን በመቃወም ከ150,000 የሚበልጥ ፊርማ አሰባስበው ነበር፤ ቡድኑ ግን ሄደ። በ1981 የደቡብ አፍሪቃ ቡድን ወደ እነርሱ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ፊርማ በማሰባሰብ አልተወሰነም። ሐምሌ 25 ቀን በሃሚልተን ከተማ ሦስት መቶ የሚያህሉ ሰዎች አጥር ጥሰው ገቡና በሜዳው መካከል ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆሙ። ፖሊስ አንድ በአንድ እየያዘ ሲያወጣቸው አንድ ሰው በሰረቀው አውሮፕላን ወደ ሜዳው እየበረረ ነው የሚል ወሬ ደረሰ፤ ጨዋታውም ተሰረዘ። ተመልካቹ በቍጣ ጠርሙስ ወረወረ፤ ተቃዋሚዎቹንም ሲወጡ ደበደባቸው።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸፋፈን አልፈልግም። ጨዋታውን ያስቆመው ክንድ ለክንድ መያያዙ ብቻ አይደለም፤ ከሰማይ ሊወርድ ይችላል የተባለው ሞትም አለበት። የሰላማዊው ሰው ድል በሰላማዊ ባልሆነው ሰው ጥላ ሥር የበቀለ ነው። ይህን ስናይ ምን እንላለን? እኔ የምለው ያ አውሮፕላን ቢወድቅ ኖሮ የሃሚልተን ስም ዛሬ እንደ ጆሃንስበርግ ጣቢያ ይነሣ ነበር ነው። መስከረም 12 ቀን በኦክላንድ የሆነውን ተመልከት። አንድ ትንሽ አውሮፕላን ከሜዳው በላይ እጅግ ዝቅ ብሎ እየተመላለሰ የዱቄት ከረጢት ጣለ፤ አንዱ ከረጢት የራሳቸውን የኒው ዚላንድን ተጫዋች መትቶ ጣለው። ጨዋታው ግን አልቆመም፤ ኒው ዚላንድ 25 ለ22 አሸነፈች። በሃምሳ ስድስቱ ቀን ውስጥ ከ150,000 የሚበልጥ ሰው በሰልፍ ወጣ፤ 1,500 የሚያህል ሰው ተከሰሰ፤ ወንድምና ወንድም በአንድ ማዕድ መቀመጥ አቃታቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ፤ በ1985፤ የኒው ዚላንድ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪቃ ሊሄድ ተሰናዳ። በዚህ ጊዜ ሁለት የሕግ ጠበቆች ፍርድ ቤት ገብተው፤ ይህ ጉዞ የራግቢውን ማኅበር የራሱን መተዳደሪያ ደንብ ይቃረናል ብለው ከሰሱ። ዳኛው አገደው፤ ጉዞው ቀረ። አንድ የዱቄት ከረጢት አልተወረወረም። ይሁን እንጂ 1981 ባይኖር ኖሮ ያ ክስ እንዲህ ያለ ጆሮ ያገኝ ነበር ብዬ አላምንም።

የእኛ አገር መንገድ ከሁለቱም የተለየ ነበር፤ አለመሄድ። በ1976 የሶዌቶ ልጆች ደም ገና ሳይደርቅ የኒው ዚላንድ ራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪቃ ስለ ሄደ፤ ኒው ዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ትውጣ ብለው ያልተሰሙት የአፍሪቃ አገሮች ጨዋታውን ትተው ቀሩ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ይህ መንገድ ማንንም አይደበድብም፤ የማንንም ሣር አያደርቅም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን የራስ ልጅ ነው። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 በሙኒክ የነሐስ ሜዳልያ አግኝቶ ነበር፤ በጕልበቱ ዘመን የሞንትሪያሉ አመለጠው። በ1980 በሞስኮ የ5,000ውንና የ10,000ውን ሜትር ወርቅ ወሰደ። ሞስኮን ያላዩ ሌሎች ሯጮች ግን ነበሩ፤ ስማቸውን ዛሬ የሚያነሣ የለም፤ ፈቃዳቸውንም የጠየቀ አልነበረም።

ደቡብ አፍሪቃ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችው በ1992 በባርሴሎና ነው። በ10,000 ሜትር የሴቶች ሩጫ ደራርቱ ቱሉ አንደኛ፤ ነጯ ደቡብ አፍሪቃዊት ኤላና ሜየር ሁለተኛ ወጡ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ተመልካቹም ቆሞ አጨበጨበ።