«ቀኑን ብቻ ቀይሩልን» - የሶፍትዌር ባለሙያውና የአለቃው አለመግባባት

በሙያዬ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፤ ብዙዎች እንደሚሉት ፕሮግራመር። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሰው ይህንን ስነግረው ብዙውን ጊዜ የሚከተለው «እንግዲያው ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገብቶበታልና እስቲ እይልኝ» የሚል ልመና ነው። ከዘመድ ሲመጣ ያስቃል። ደመወዝ ከሚከፍል አለቃ ሲመጣ ግን ጉዳቱ ከባለሙያው አልፎ ምንም የማያውቅ ሰው ላይ ያርፋል። ይህንን የተማርኩት በጳጉሜን 2005 ዓ.ም. ነው።

ያኔ የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ብድር ሰጪ ተቋም ነበር። ስሙ ይቅር። ፕሮግራመሮቹ አራት ነበርን። ሥራ አስኪያጃችን በሒሳብ ሙያ ያደጉ፣ ከቁጥር ጋር የማይጣሉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። በሚያዝያ ወር ቢሮአቸው ጠሩኝና «ደንበኞቻችን በፈረንጅ ቀን እየተደናገሩ ነው። ቀኑን ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀይሩልን። ለበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ ለሐምሌ 1 ይድረስ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ይፈልጋል» አልኳቸው።

ሳቁ። «ቀን ለመቀየር ስድስት ወር? ካላንደር እኮ መንገድ ላይ ይሸጣል!»

ሳቃቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እሳቸው የሚያዩት በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የተጻፈውን ነው፤ «ሴፕቴምበር» የሚለው ጠፍቶ «መስከረም» ቢተካ ሥራው አለቀ። ከሕንፃ ጋር እናነጻጽረው። መሠረቱ ያልተቆፈረ ፎቅ ቶሎ ይውጣ የሚል አለቃ የለም፤ ጉድጓዱን በዓይኑ ያያልና። በሶፍትዌር ግን ጉድጓዱን የሚያየው የሚቆፍረው ሰው ብቻ ነው።

የቀኑ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። በእኛ አቆጣጠር 12ቱ ወሮች እኩል 30 ቀን አላቸው፤ ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ናት። የጎርጎርዮሳዊው ወር ከ28 እስከ 31 ቀን ይሄዳል። በዓመቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ነው። እስከዚህ ያለው ተራ ሒሳብ ነው፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ በአንድ ቀን ይጽፈዋል። ችግሩ በእኛ ፕሮግራም ውስጥ ቀን የሚነካው ቦታ ከመቶ በላይ መሆኑ ነበር፦ ክፍያ፣ ወለድ፣ ቅጣት፣ ውል፣ የዓመት መዝጊያ ሪፖርት። እያንዳንዱ ቦታ ደግሞ ጥያቄ ያመጣል። በፈረንጅ ወር ማብቂያ ሊከፍል የፈረመ ሰው ቀጠሮው ወደየትኛው ቀን ይዛወር? ጳጉሜን ወለድ ትቆጠርባት? ለብድር ክፍያ ወር ናት ወይስ የነሐሴ ጭራ? እነዚህ የኮምፒውተር ጥያቄዎች አይደሉም። የሚመልሳቸው ሥራ አስኪያጁና የሕግ ክፍሉ ነው። ስድስት ወር ያልኩት ለመጻፍ ሳይሆን ለመጠየቅ፣ መልስ ለማግኘትና ለመፈተሽ ነበር።

ጥያቄዎቹን በሦስት ገጽ ጽፌ አቀረብኩ። «ዝርዝሩን እናንተ ባለሙያዎቹ ጨርሱት» የሚል መልስ ተመርቶልኝ መጣ። በቃል የሰጠሁት ግምትም በሌላ ሰው እጅ ተቆርጦ በዕቅዱ ላይ የእኛ ቃል ኪዳን ሆኖ ታተመ። የሙያ ጓደኞቼን ስጠይቅ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግባቸው ይኸው ነው፤ ሥራ መብዛቱ ሳይሆን ያላሉት ቀን እነሱ እንዳሉት ተቆጥሮ መጠየቃቸው።

በግንቦት ሥራው ወደኋላ መቅረቱ ታወቀ። ሥራ አስኪያጁ ከልባቸው ሊረዱን ፈልገው ስድስት ጀማሪ ልጆች ቀጠሩልን። ይህ ስህተት የእሳቸው ፈጠራ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ ላደረጋቸው ሲስተም 360 ለተባሉት ኮምፒውተሮች ዋናውን ሶፍትዌር ሲያዘጋጅ ሥራው ዘገየ፤ ሰው ተጨመረ፤ አልፈጠነም። ሥራውን የመሩት ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ የራሳቸውን ጥፋት ጭምር ዘረዘሩ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ሕግ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ይላል። አዲሱን ሰው የሚያስተምረው ያው ጊዜ ያጠረው ነባር ባለሙያ ነው። አራት ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመርም 6 ሲሆን፣ አሥር ሲሆኑ 45 ይደርሳል። ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ ቢደረደር እንጀራ አይወጣም።

እናም ሐምሌ 1 ደረሰ፤ ሲስተሙም ሥራ ጀመረ። «አያችሁ፣ ይቻላል እኮ!» ተባልን። ሁለት ወር በሰላም አለፈ።

ጳጉሜን 1 ጠዋት ሲስተማችን አዲስ ወር ገባ ብሎ በሁሉም ተበዳሪዎች ላይ አንድ ተጨማሪ ክፍያ ጻፈ። ጳጉሜን 4 ደግሞ አልከፈላችሁም ብሎ ቅጣት ጨመረባቸው። ጳጉሜን ደመወዝ የማይከፈልባት ወር መሆኗን አገር ያውቃል፤ የእኛ ፕሮግራም ግን አላወቀም። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ለበዓሉ ዶሮና ቅቤ መግዣ ከቁጠባቸው ሊያወጡ የመጡ አንዲት እናት ገንዘባቸው ተቆርጦ ሲጠብቃቸው መስኮቱ ፊት ቁጭ ብለው አለቀሱ። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ በዚያች ቀን የሰማችው ስድብ ለእሷ የሚገባ አልነበረም። ገንዘቡን ለሁሉም ለመመለስ እስከ መስከረም አጋማሽ ፈጀብን።

ስህተቱ አንድ መስመር ነበር። ከጀማሪዎቹ አንዱ ከሌላ ቦታ ገልብጦ አስገብቶታል፤ የሚፈትሽ ጊዜ የነበረው ሰው አልነበረም። በሦስቱ ገጽ ውስጥ ያለው የጳጉሜን ጥያቄ ግን ሳይመለስ እንደተቀመጠ ነበር። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የደረሰው ለጀማሪው አይደለም፤ የወለዱን ክፍል ለሚመራው ጓደኛዬ ነው። በጥቅምት ለቀቀ። የወለዱን ስሌት ከሥሩ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቁጥጥር መጣ። በየሳምንቱ ስንት መስመር ኮድ እንደጻፍን በቅጽ እንድንሞላ ታዘዝን። ይህም አዲስ አይደለም። አፕል ውስጥ ሊዛ የተባለው ኮምፒውተር በሚሠራበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ አለቆች ተመሳሳይ ቅጽ አምጥተው ነበር። ቢል አትኪንሰን የተባለው ዕውቅ ፕሮግራመር በዚያ ሳምንት አንድን ክፍል አሳጥሮና እጅግ አፍጥኖ ጽፎት ስለነበር በቅጹ ላይ «ከዜሮ በታች 2000» ብሎ ሞላ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቅጹን እንዲሞላ መጠየቅ ተወ። እኛ እንደ እሱ ዕውቅ ስላልነበርን እየሞላን ቆየን። አንዳንዶቻችን መስመር ማርዘም ተማርን፤ እኔም አንዳንድ ሳምንት አድርጌዋለሁ።

በእኛ በኩል ጥፋት የለም ማለቴ አይደለም። እኔ ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ዓመት ሙሉ የተናገርኩት በኮምፒውተር ቋንቋ ነበር። ሰርቨር፣ ዳታቤዝ፣ ሞጁል እያልኩ ሳወራ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ እኔም የገባቸው እየመሰለኝ እወጣ ነበር። ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር የገንዘብ ነክ ሶፍትዌር ይሠራ በነበረበት ጊዜ ይህንን ችግር በአንድ ቃል ፈትቶታል፦ ዕዳ። በጥድፊያ የተጻፈ ኮድ ብድር ነው። ለጊዜው ያፈጥናል፤ ተመልሶ ካልተስተካከለ ግን በእያንዳንዱ አዲስ ሥራ ላይ ወለድ ይከፈልበታል። ንጽጽሩን እ.ኤ.አ. በ1992 ካቀረበው ወዲህ በመላው ዓለም ያለ ባለሙያ ይጠቀምበታል።

በኅዳር ወር ወረቀት ይዤ ገባሁ። በአንዱ ዓምድ በጥድፊያ ያለፍናቸውን ቦታዎች፣ በሌላው እያንዳንዱ በወር ስንት የሥራ ቀን እንደሚበላብን ጻፍኩ። ርዕሱን «ያልተከፈለ ዕዳ» አልኩት። መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይህ ሁሉ ወለድ ነው? ዋናው ሳይነካ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?» ሲሉ የምመልሰው አጣሁ፤ ነግሬያቸው ነበርና፤ ደግሞም አልነገርኳቸውም ነበርና።

አራት ወር ጠይቄ ሁለት ተኩል ፈቀዱልኝ። ቅጹም ቀረ። ጓደኛዬን እንዲመለስ ደውለውለት ነበር፤ ሌላ ቦታ ጀምሯል።

ሥራውን በጀመርን በሦስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ እንደልማዳቸው በራችን ላይ ብቅ አሉ። «ለቦርዱ የምትቀርብ አንዲት ትንሽ ሪፖርት ነበረች» አሉ። ሁላችንም ከኮምፒውተራችን ቀና አልን። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ስንት ቀን ትፈጅብኛለች?» አሉኝ።