ከፊልም እስከ ፒክስል፦ የራጅ ምስልን የሚያነበው ኤሌክትሮኒክስ አጭር ታሪክ

በ1888 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። ጥቅምት 29 ቀን በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ ከተማ፣ ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን በጥቁር ወረቀት በሸፈነው ቱቦ ሲመራመር፣ ምንነቱ ያልታወቀ ጨረር ከቱቦው ወጥቶ ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ ተመለከተ። ከዚያም አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት በዓድዋ ድል አደረገ። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙ አይመስሉም። ሆኖም ዓመቱ ሳይፈጸም ተገናኙ። በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል የነበረው ሐኪም ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ በራጅ ለይቶ አሳየ። ይህም ራጅ ለጦር ቁስለኞች ያገለገለበት የመጀመሪያው ጊዜ ሆኖ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል።

በዚያን ጊዜ ጨረሩን የተቀበለው የፎቶግራፍ ሰሌዳ ነበረ፤ ያነበበውም የሰው ዓይን ነበረ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት አንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት የጨረሩ ባሕርይ አልተለወጠም። የተለወጠው አንባቢው ነው። የራጅ ጨረር ምንጮች እጅግ እየበረቱ ከሄዱ በኋላ ሳይንቲስቶች ሊያዩት የሚችሉትን ነገር የወሰነው ብዙውን ጊዜ ምንጩ ሳይሆን፣ ከመቀበያው ኋላ ተቀምጦ «መጣ ወይስ አልመጣም? ስንት መጣ? መቼ መጣ?» ብሎ የሚጠይቀው የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ነው። የዚህ ሰርኪዩት ታሪክ ለአገራችን መሐንዲሶችም የሚነግረው ነገር አለው። ከዚህ በታች የውጭ አገር ሥራዎች ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር ተሰጥቷል።

የፊልም ዘመን

ፊልም ለረጅም ጊዜ ታማኝ አገልጋይ ነበረ። ሰፊ ምስል ይይዛል፤ ረቂቅ የሆነውን ዝርዝር ያሳያል፤ ሲቀመጥም ለዘመናት ይቆያል። ጉድለቱ ግን ከአሠራሩ የመጣ ነው። በጨለማ ክፍል በኬሚካል መታጠብ አለበት። ጨረር ሲበዛበት ይጠቁርና ከዚያ በላይ የመጣውን አይለይም፤ ጨረር ሲያንስበት ደግሞ የመጣውን እንዳልመጣ ያደርገዋል። ከሁሉም በላይ የትኛው ጨረር ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደ መጣ ሊናገር አይችልም።

ለብዙ የሕክምና ሥራ ይህ ጉድለት አያውክም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በዛሬው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር ከነባሩ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ቦታ ላይ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ያደነዝዛል። ሕመምተኛው እሳትም እንቅፋትም ስለማይሰማው የእጁና የእግሩ አጥንት ቀስ በቀስ ይጐዳል። ሐኪሙ የሚሻው የዛሬውን ምስል ከዓመት በፊት ከተነሣው ጋር አስተያይቶ ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ገፋ ማወቅ ነው። በወራትና በዓመታት ለሚራመድ ደዌ፣ በደቂቃዎች የሚታጠብ ፊልም በቂ አንባቢ ነበረ።

ከአለርት አጠገብ በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተውና የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ባገኘው በኖርዌያዊው ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የያዘው ጥያቄ ግን ሌላ ዓይነት ነው። የተቋሙ ትኩረት ከአጥንቱ አልፎ ወደ ባክቴሪያው፣ ኋላም ወደ ሳንባ ነቀርሳ ይዘልቃል። የእነዚህ ባክቴሪያዎች ፕሮቲኖች ምን ቅርጽ እንዳላቸው፣ መድኃኒትም በየትኛው ቀዳዳቸው ሊገባ እንደሚችል ለማወቅ በዓለም ላይ ከሚሠራባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ፕሮቲኑን በክሪስታል መልክ አርግቶ በብርቱ ራጅ መምታት ነው። ክሪስታሉ ጨረሩን በሺዎች በሚቈጠሩ ነጠብጣቦች ይበትነዋል። አንዳንዱ ነጠብጣብ እጅግ ብሩህ፣ አንዳንዱ በጭንቅ የሚታይ ነው። ክሪስታሉም በጨረሩ እየተጐዳ ስለሚሄድ ጊዜ አይሰጥም። ፊልም የተረታው እዚህ ላይ ነው።

በቁና ከመስፈር ፍሬ ወደ መቍጠር

የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ መቀበያዎች ጋዝ የያዙ ቱቦዎች ነበሩ። በ1928 ጋይገርና ሙለር የሠሩት ቱቦ እያንዳንዱን ጨረር ሊቈጥር ቢችልም የት ላይ እንዳረፈ አይናገርም ነበር። በ1968 በአውሮፓ የኑክሊየር ምርምር ማዕከል (ሰርን) ጆርጅ ሻርፓክ በጋዝ ውስጥ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎችን ዘርግቶ ለእያንዳንዱ ሽቦ የራሱን ማጉያ ሰጠው። መቀበያው ከነቦታው መናገር የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ለዚህም ሥራ በ1992 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በ1969 ደግሞ በቤል ቤተ ሙከራ ቦይልና ስሚዝ ሲሲዲ የተባለውን የሲሊኮን መሣሪያ ፈጠሩ። ሲሲዲ በ1990ዎቹ በራጅ ምርምር ጣቢያዎች ፊልምን ተካ። ነገር ግን የተጠራቀመውን ቻርጅ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየገፋ በጥቂት በሮች ብቻ ስለሚያወጣው፣ ምስሉን አንብቦ ለመጨረስ ሰከንዶችን ይወስድ ነበር።

ፊልምም ሲሲዲም የሚሠሩት እህልን በቁና እንደሚሰፍር ሰው ነው። የተጠራቀመውን በጅምላ ይለካሉ፤ ከእህሉ ጋር ገለባውንም አብረው ይሰፍራሉ። በ1980ዎቹ ኤሪክ ሄይነና ባልደረቦቹ በሰርን ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነበር። ለእያንዳንዷ የምስል ነጥብ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ የራሱ የተሟላ ሰርኪዩት ከበስተኋላው ይሰጠውና ፍሬውን አንድ ባንድ ይቍጠር የሚል ነው። ሐሳቡ በመጀመሪያ የተፈተነው በቅንጣት ፊዚክስ ሙከራዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ልምድ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለራጅ የተሠራው ሜዲፒክስ የተባለው ቺፕ ተወለደ። የመጀመሪያው 64 በ64 ፒክስሎች ሲኖሩት የእያንዳንዱ ፒክስል ወርድ 170 ማይክሮሜትር ነበር። ሁለተኛው 256 በ256 ሆኖ ወርዱ ወደ 55 ማይክሮሜትር ወረደ።

በአንድ ፒክስል ውስጥ

የሥራው ክብደት በቁጥር ሲታይ ይገባል። 8,000 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው አንድ ፎቶን በሲሊኮን ውስጥ ሲዋጥ፣ ለእያንዳንዱ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት አንድ ኤሌክትሮን ስለሚለቀቅ፣ የሚገኘው 2,200 ያህል ኤሌክትሮን ነው። ይህ የአንድ ፌምቶኩሎምብ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከሲሊኮኑ ሳህን ወደ ቺፑ የሚያሻግረው በሁለቱ መካከል የተበየደ ጥቃቅን የብረት ጉብታ ነው። ከዚያ በኋላ ማጉያው ቻርጁን ወደ ቮልቴጅ ይለውጠዋል፤ ቅርጽ ሰጪው ያሳጥረዋል፤ ማነጻጸሪያው ከተወሰነለት ገደብ ጋር ያስተያየዋል። ከገደቡ ካለፈ ቈጣሪው አንድ ይጨምራል፤ ካላለፈ ገለባ ነውና ይጣላል። የኤሌክትሮኒክሱ ሁካታ ወደ መቶ ኤሌክትሮን ገደማ ሆኖ ከተያዘ ገደቡ በግማሽ መንገድ ላይ ይተከላል፤ ሁካታው በውሸት አይቈጠርም። ፊልም ያላገኘው ንጽሕና ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ነዳፊው አንዱን ባገኘ ቍጥር ሌላውን ይከፍላል። ማጉያው እንዲፈጥን ከተፈለገ ብዙ ኃይል መጠጣት አለበት። ለአንድ ፒክስል 10 ማይክሮዋት ብቻ ቢፈቀድ፣ ስድስት ሚሊዮን ፒክስል 60 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱም ሲሊኮኑን ያውካል። ማጉያው እንዲዘገይ ከተፈቀደለት ሁካታው ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንዱ ፎቶን ሳያልፍ ሁለተኛው ይደርስበትና ሁለቱ እንደ አንድ ይቈጠራሉ። ፒክስሉ ሲያንስ ምስሉ ይጠራል፤ ነገር ግን የአንዱ ፎቶን ቻርጅ ለጎረቤት ፒክስሎች ይከፋፈልና ማንኛቸውም ከገደቡ ሳይደርሱ ሊቀሩ ይችላሉ። ሦስተኛው ሜዲፒክስ ለዚህ ያገኘው መላ ጎረቤቶቹ አራት አራት እየሆኑ ቻርጁን እንዲደምሩና ቍጥሩን ድርሻው ለበዛው እንዲሰጡ ማድረግ ነው። ለዚህ ተጨማሪ ሰርኪዩት በ55 ማይክሮሜትር ውስጥ ቦታ የተገኘው የቺፑ አሠራር ወደ 130 ናኖሜትር በመርቀቁ ነው። ደግሞም ከፋብሪካ ሁለት ፒክስሎች ፍጹም አንድ ሆነው ስለማይወጡ፣ ለእያንዳንዱ ገደቡን ለየብቻ የሚያስተካክሉ ጥቂት ቢቶች ይጨመሩለታል።

የፍጥነት ዘመን

በስዊዘርላንድ የፓውል ሼረር ተቋም መሐንዲሶች፣ ለሰርን ቅንጣት ሙከራ ከሠሩት ፒክስል በተማሩት ተነሥተው ፒላቱስን ነደፉ። በ2007 ሥራ የጀመረው ፒላቱስ 6 ኤም 960 ቺፖችን ጎን ለጎን የያዘ ሲሆን 2,463 በ2,527 ፒክስል አለው። እያንዳንዱ ፒክስል 20 ቢት ቈጣሪ ስላለው የአንድ ምስል መጠን ከ120 ሚሊዮን ቢት ይበልጣል፤ መሣሪያውም በሰከንድ እስከ 12 የሚደርስ ምስል ያወጣ ነበር። «የሺ ፍልጥ ማሰሪያው ልጥ» እንደሚባለው፣ ይህን ሁሉ ፒክስል አንድ መሣሪያ ያደረገው መረጃውን ሰብስቦ የሚያወጣው መንገድ ነው። ውጤቱም የአሠራር ለውጥ ሆነ። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ምስል መጋረጃው ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ክሪስታሉ ሳያቋርጥ እየዞረ ጨረሩም ሳይዘጋ መረጃው መሰብሰብ ጀመረ።

ቀጥሎ የመጣው አይገር ደግሞ ሁለት ቁና እንደያዘ ሰፋሪ ነው። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይገለበጣል። ቈጣሪው የቈጠረውን ወደ ጎን ማኖሪያ አሳልፎ ወዲያው አዲስ ቈጠራ ስለሚጀምር በሁለት ምስሎች መካከል የሚባክነው ጊዜ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። የፒክስሉ ወርድ 75 ማይክሮሜትር ሆኖ፣ ቺፑ በአጭር ቈጠራ በሰከንድ እስከ 22,000 ምስል ሊሰጥ ይችላል።

በ2017 በሐምቡርግ አካባቢ ሥራ የጀመረው የአውሮፓ የራጅ ሌዘር ግን ቈጠራን ራሱን ከንቱ አደረገው። በዚያ ያሉት ፎቶኖች ሁሉ በአንድ ሴኮንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ እጅ ባልራቀ ጊዜ ውስጥ በአንድነት ይወርዳሉ። አንድ ባንድ የሚቈጥር ሰርኪዩት አሥር ሺውንም «አንድ» ብሎ ይመዘግባቸዋል። ስለዚህ ነዳፊዎቹ ወደ መስፈር ተመለሱ፤ በአዲስ ብልሃት ግን። አጊፒድ በተባለው መቀበያ ውስጥ እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት መስፈሪያ አለው። ጥቂት ሲመጣ በጣሳ፣ ሲበዛ በቁና፣ እጅግ ሲበዛ በዳውላ ይሰፍራል፤ የትኛውን መስፈሪያ እንደሚይዝም ፒክስሉ ራሱ በዚያው ቅጽበት ይወስናል። በዚህ መንገድ ያው ፒክስል ነጠላውን ፎቶንም፣ አሥር ሺ ያህሉንም ለመለካት ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው ጊዜው ነው። የሌዘሩ ብልጭታዎች በሰከንድ አሥር ጊዜ በባቡር መልክ ይመጣሉ። አንዱ ባቡር እስከ 2,700 ብልጭታ ሲይዝ በሁለት ብልጭታ መካከል ያለው ጊዜ 220 ናኖሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ፒክስል አንብቦ ማውጣት የሚችል ሽቦ የለም። በመሆኑም እያንዳንዱ ፒክስል የሰፈረውን በራሱ ጥቃቅን ጎተራ፣ በ352 የካፓሲተር ክፍሎች ውስጥ ያስቀምጣል። ባቡሩ በ0.6 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ በቀሪው 99.4 ሚሊሰከንድ ጎተራው ይነበባል። የተቀመጠው ቻርጅ እስኪነበብ እንዳያንጠባጥብ መጠበቅም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንዲያም ሆኖ ከ2,700ው ብልጭታ የሚያዘው 352 ብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጎተራ በ200 ማይክሮሜትር ወርድ ውስጥ አልገባምና።

ጥገናና ንድፍ

ይህ ቴክኖሎጂ ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ ሆስፒታል መግባት ጀምሯል። ፎቶን የሚቈጥር የመጀመሪያው የሲቲ ስካን መሣሪያ በአሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደው በ2021 ነው። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት የደረት ራጅን አንብቦ ሳንባ ነቀርሳን የሚጠረጥር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሊሠራበት እንደሚችል መክሯል። ይህ ምክር የዲጂታል ምስልን የሚጠይቅ ሲሆን፣ በሽታው ዛሬም ሕዝብን በሚጐዳበት እንደኛ ባለ አገር ሩቅ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ለሙያው የሚነሣ ጥያቄ አለ። በፊልም ዘመን የራጅ መሣሪያ ሲበላሽ ብልህ ጠጋኝ ትራንስፎርመሩን፣ ቱቦውን፣ ማጠቢያውን ለየብቻ መርምሮ ጉድለቱን ያገኝ ነበር። ዕውቀት በጥገና በር ሊገባ ይችል ነበር። በፒክስል መቀበያ ግን ዓይኑና አንባቢው በሺዎች በሚቈጠሩ ጉብታዎች ተበይደው አንድ አካል ሆነዋል። ከፍቶ የሚመረመር ነገር የለም፤ የተበላሸው ወጥቶ አዲስ ይገዛል። እንግዲህ ዕውቀት ሊገባበት የሚችለው በር ንድፍ ብቻ ነው፤ እሱም ካልተከፈተ አገሩ የታሸገ ሳጥን ገዢ ሆኖ ይቀራል።

የንድፉ በር ግን እንደሚታሰበው የጠበበ አይደለም። ቺፕ ለመንደፍ የቺፕ ፋብሪካ መትከል አያስፈልግም፤ የብዙ ተቋማት ትናንሽ ንድፎች በአንድ የሲሊኮን ሳህን ላይ ተጣምረው ወጪውን ተጋርተው የሚሠሩበት አሠራር ከቈየ ሰንብቷል። በ2020ም ስካይዋተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ከጉግል ጋር ሆኖ የ130 ናኖሜትር አሠራሩን የንድፍ ደንብ ለማንኛውም ሰው በነጻ ክፍት አድርጓል። ይህም ሦስተኛው ሜዲፒክስ ከተሠራበት ጋር በርቀት ደረጃ የሚስተካከል ነው። አንድ ማጉያ፣ አንድ ማነጻጸሪያና አንድ ቈጣሪ ያለበትን ፒክስል በኮምፒዩተር ላይ ነድፎ ሁካታውን፣ ፍጥነቱንና ኃይሉን ማመዛዘን፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍልና ጥቂት ትጉሃን መምህራን ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

የራጅ ታሪክ በ1888 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ሲገናኝ በቁስለኛ ክንድ በኩል ነበረ። በ1958 ዓ.ም. በኮልፌ የተከፈተው ማዕከል ደግሞ የራጅን ዓይን ለሕሙማን ማዋል ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚታይበት ስፍራ ነው። ቀጣዩ ግንኙነት ዓይኑን ከመግዛትና ከመጠቀም አልፎ ወደ መንደፍ መድረስ አለበት። ይህም የሐኪሙ ሳይሆን የመሐንዲሱ ዕዳ ነው።