ባለ ብዙ መልክ ተዋናይ፤ የአቶ ደበበ እሸቱ የሥራ ዘመን ከይፋት ቆላ ሲታይ

የታሪክ ተማሪ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ብዙ ይጽፋል፤ ስለ ተዋናይ ግን የሚጽፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የንጉሥ ዐዋጅ በወረቀት ይቀራል፤ የጦር ሜዳም ስሙን አይለቅም፤ የመድረክ ሰው ሥራ ግን መጋረጃው ሲወርድ አብሮት ያልቃል። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ በአንድ ዘመን ራሱን በምን መልክ ይመለከት እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ያን መልክ የለበሰው ማን እንደ ነበር ሳይጠይቅ ሊያልፍ አይገባውም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የአቶ ደበበ እሸቱን የተዋናይነት ዘመን ነው። የምንመለከተውም ከአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ወንበር ላይ ሳይሆን፣ ከዋና ከተማው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የጣርማበርን ብርዳም ጋራ ተሻግረው በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ ከሚገኘው ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ሆነን ነው። የጥናታችንም ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ተዋናይ ብዙ መልክ የሚይዘው ተፈጥሮ በሰጠችው ችሎታ ብቻ ነውን? ወይስ አገሩና ዘመኑ ብዙ መልክ እንዲይዝ ስለሚያስገድዱት ጭምር ነው?

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የሲኒማ ሥራ እጅግ ከተስፋፋበት ከአሜሪካ አንድ ሁለት ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። ሎን ቼኒ የተባለው ተዋናይ እናትና አባቱ መስማት የተሳናቸው ስለ ነበሩ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አሳቡን በፊቱና በእጁ መግለጽ ተማረ። ሲኒማ ገና ድምፅ ባልነበረው ጊዜ ይህ የቤት ውስጥ ትምህርት ትልቅ ሀብት ሆነለት። እ.ኤ.አ. በ1923 የኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ጎባጣ ደወል ደዋይ፣ በ1925 ደግሞ በኦፔራ ቤት ሥር የሚኖር ፊቱ የተበላሸ ሰው ሆኖ ታየ። የፊቱን ቀለምና ቅርጽ የሚያዘጋጀው ራሱ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ፖል ሙኒም በ1932 ወንበዴ፣ በ1936 ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር፣ በ1937 ቻይናዊ ገበሬ ሆኖ ተጫውቷል። እነዚህ ሰዎች ብዙ መልክ የያዙት ተዋናይ በሞላበት አገር ነው። ዳይሬክተሩ ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ብርሃን አብሪው ሌላ ነበር፤ እነርሱ የሚጠበቅባቸው መጫወት ብቻ ነበር። ከሁሉም በላይ ሥራቸው በፊልም ላይ ስለ ተቀረጸ፣ ዛሬም የሻ ሰው አይቶ ሊፈርድ ይችላል።

የአገራችን ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ዘመናዊ ተውኔት በኢትዮጵያ የጀመረው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ድርሰት ባቀረቡ ጊዜ ነው። በእንስሳት ምሳሌ ሹማምንትን የሚነቅፍ ስለ ነበር ብዙ ሳይቆይ ታገደ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ዓላማውም ሊመጣ የተቃረበውን የጠላት ወረራ ሕዝቡ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ መቀስቀስ ነበር። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እንግዲህ መልክ መለዋወጥ በእኛ መድረክ የጀመረው ለጥበብ ተብሎ ሳይሆን ሰው ጠፍቶ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ልማድ ከሰበሩት ሴቶች መካከል ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ፤ እርሳቸውም ተዋናይት ብቻ ሳይሆኑ ድምፃዊትና ክራር ደርዳሪ ነበሩ።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ሲቋቋም፣ በአሜሪካ ቴአትር ተምረው የተመለሱት አቶ ተስፋዬ ገሠሠ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። አቶ ደበበ እሸቱና አቶ ወጋየሁ ንጋቱ ከዚህ ማዕከል ጋር በተያያዘው ትውልድ ውስጥ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሁለቱም በኋላ ወደ ሃንጋሪ ሄደው የቴአትር ትምህርት ቀሰሙ። ይህ ትውልድ በየሙያው ተከፋፍሎ የመሥራት ዕድል አላገኘም። ዛሬ የሚጫወተው ሰው ነገ ያዘጋጃል፤ ከነገ ወዲያ በራዲዮ ያነባል፤ ከዚያም ያስተምራል። አሜሪካዊው ተዋናይ በአንድ ሙያ ውስጥ ብዙ መልክ ሲይዝ፣ የእኛው ተዋናይ ብዙ ሙያ በአንድ ራስ ላይ ተሸከመ። የጥያቄያችን የመጀመሪያ መልስ እዚህ ላይ ይገኛል።

አቶ ደበበን በውጭ አገር ተመልካች ዘንድ ያስተዋወቃቸው እ.ኤ.አ. በ1973፣ ማለትም በ1965 ዓ.ም. የወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን፣ ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ሲሆኑ፣ ፊልሙ በከፊል የተነሣው በአገራችን ነው። አቶ ደበበ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆነው ተጫውተዋል። ታሪኩ ወጣት አፍሪካውያንን በሥራ ተስፋ አታልለው ወደ አውሮፓ በመውሰድ እንደ ባሪያ ስለሚነግዱ ሰዎች ነው። አሜሪካዊው ሻፍት አፍሪካዊ መንገደኛ መስሎ ወደ መካከላቸው ይገባል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ ከኒው ዮርክ የመጣው ተዋናይ አፍሪካዊ ለመምሰል ሲደክም፣ አጠገቡ የቆመው ኢትዮጵያዊ ደግሞ በባዕድ ቋንቋ፣ ባዕድ በጻፈው ድርሰት ውስጥ አገሩን መስሎ መታየት ነበረበት። የትኛው እንደሚከብድ አንባቢው ይፍረድ።

ይህ ታሪክ ለይፋት ሰው ተረት አይደለም። ይፋት በመካከለኛው ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት መቀመጫና ወደ ዘይላ የሚወርደው የንግድ መንገድ በር ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመትም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያ የጨው፣ የቡናና የጨርቅ መገናኛ ሲሆን፣ በአቅራቢያው በአብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። ከዚያ የተገዙት ምስኪኖች በአፋር በረሃ አልፈው ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። ዛሬ የባሪያ ገበያው የለም፤ ነገር ግን ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ቆላዎች ተነሥተው በጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩ ወጣቶች የሚረግጡት አሸዋ ያንኑ የቀድሞውን መንገድ ነው። ልዩነቱ የቀድሞዎቹ ታስረው ሲሄዱ የዛሬዎቹ ከፍለው መሄዳቸው ነው። የደላላው ቃል ግን በፊልሙ ውስጥ ከሚሰማው ቃል ብዙ አይርቅም።

ይሁን እንጂ የይፋት ቆላ ሰው ተዋናይን ያወቀው ከሁሉ አስቀድሞ በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ለዚህም ዋናው ምስክር አቶ ወጋየሁ ንጋቱ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ ባነበቡት ጊዜ፣ አንድ ሰው ሆነው ሽማግሌውንም፣ ወጣቱንም፣ ወይዘሮዋንም፣ ካህኑንም አሰሙ። በሸዋ ሮቢት ያነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት ስለዚያ ጊዜ ሲነግሩኝ፣ «እኛ ሰዎቹ ብዙ ናቸው ብለን ነበር፤ አንድ ሰው ነው ሲሉን ማን ይመን!» አሉኝ። ራዲዮ የነበረው ቤት ጥቂት ስለ ሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ ቀኑ ሲመሽና ሙቀቱ ሲበርድ በአንዱ ደጅ ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። ፊደል ያልቆጠረውም ትልቁን መጽሐፍ በዚሁ መንገድ «አነበበው»። ስለዚህ ተዋናይ ለሕዝብ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

አዛውንቱ መደነቃቸው ትክክል ቢሆንም፣ ነገሩ ለይፋት ሰው ፍጹም እንግዳ አልነበረም። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነጋዴ ለአማራው በአማርኛ፣ ለኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ለአፋሩ በአፋርኛ ሲመልስ ይሰማል፤ ቋንቋው ሲለወጥ የእጁ አነሣሥ፣ የፊቱ አኳኋን፣ የሰላምታውም ርዝመት አብሮ ይለወጣል። አርጎባውም ከዚህ ሕዝብ መካከል ነው። ለዚህ ሰው መልክ መለዋወጥ ማታለል ሳይሆን ከጎረቤት ጋር የመኖር ዘዴ ነው። መልካም ተዋናይ ማለትም ሌላውን ሰው ከራሱ ሳይለይ የሚያስገባ እንጂ የሌላውን ጭንብል የሚያጠልቅ ብቻ አይደለም።

ከ«ሻፍት በአፍሪካ» 41 ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አቶ ደበበ «ቀይ ቅጠሎች» በተባለው የእስራኤል ፊልም ዋናውን ቦታ ይዘው ተጫወቱ። ዳይሬክተሩ ባዚ ጌቴ ነው። ፊልሙ የሼክስፒርን የንጉሥ ሊርን ታሪክ መነሻ ያደረገ ሲሆን፣ መሰጋኒዮ የተባለ፣ ወደ እስራኤል ከገባ ብዙ ዓመት የሆነው ኢትዮጵያዊ አዛውንት ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ቤት ለመኖር መነሣቱን ያሳያል። ልጆቹ ግን የሚኖሩት በሌላ ሥርዓት ነው፤ አባት የሚጠብቀውን ክብር አያገኝም፤ ልጆቹም የሚናገሩትን እርሱ በሙሉ አይረዳም። በመጀመሪያው ፊልም በጎልማሳነት ከባዕድ ጋር የቆመው ተዋናይ፣ በኋለኛው በገዛ ልጆቹ መካከል ባዕድ የሆነውን ሽማግሌ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰው ችሎታ መለኪያ ብቻ ሳይሆን የአንድ ትውልድ ታሪክ ነው፤ በወጣትነቱ ዓለምን ሊያይ የወጣ፣ በሽምግልናው ዓለም ልጆቹን የወሰደችበት ትውልድ። ልጁ ዐረብ አገር ሆኖ በስልክ ብቻ የሚያነጋግረው የሸዋ ሮቢት አባት ይህን ፊልም ቢያይ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለው ጊዜ በመድረክ ብቻ አላለፈም። አቶ ደበበ በ1997ቱ ምርጫ ዘመን በቅንጅት ውስጥ ከታወቁት ሰዎች አንዱ ሆኑ፤ በ1998 ዓ.ም. ከድርጅቱ መሪዎች ጋር ታስረው በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ፤ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻም ዳግመኛ ታሰሩ፤ በኋላም ተለቀቁ። አቶ ተስፋዬ ገሠሠም አስቀድሞ በደርግ ዘመን ከተውኔት ሥራቸው የተነሣ ታስረዋል። አንዳንድ ሰዎች «ተዋናይ ሥራውን ቢሠራ ምን ነበረበት?» ይላሉ። ይህ አስተያየት ከ«ፋቡላ» ጀምሮ ያለውን ታሪክ ይዘነጋል። በአገራችን ተውኔት የተወለደው እየተነቀፈና እየታገደ ነው፤ አገር ፍቅርም የተቋቋመው ሕዝብን ለመቀስቀስ ነው። ከንጉሥ ሎሌ እስከ ንጉሥ የሁሉን ሰው ችግር በሰውነቱ የተሸከመ ተዋናይ፣ ከመድረክ ሲወርድ የተሸከመውን ሁሉ እዚያው ጥሎ ይውረድ ማለት የሚቻል ነገር አይደለም። ምርጫቸው ትክክል ነበር አልነበረም ማለት የእያንዳንዱ አንባቢ ፍርድ ነው፤ ከሙያቸው የመነጨ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም።

አንድ ሌላ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይኸውም በአሜሪካው ፊልም ውስጥ የአቶ ደበበ ድርሻ ከዋናው ተዋናይ ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ይህን ያህል ሊነገርለት አይገባም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ድርሻው የዋና ተዋናይ አልነበረም። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ የሚመዝነው የደቂቃውን ብዛት ብቻ አይደለም። ዛሬ ማንም ሰው አይቶ ሊፈርድበት ከሚችለው የአቶ ደበበ የወጣትነት ሥራ አንዱ ያ ባዕድ የቀረጸው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ በአማርኛ መድረክ ላይ በየምሽቱ የተጫወቱት ረጅሙ ሥራ በተመልካቾች ልብ ብቻ ቀረ። የአቶ ወጋየሁም ድምፅ የቀረው ቴፕ ስላገኘው ነው። እንግዲህ ችሎታ አልጎደለንም፤ የጎደለን ማኖሪያ ነው።

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተለውን መደምደሚያ ማግኘት ይቻላል። የኢትዮጵያ ተዋናይ ብዙ መልክ የያዘው ስጦታ ስለ ነበረው ብቻ ሳይሆን፣ ጥቂት ሰዎች ብዙ ሥራ መሸፈን ስለ ነበረባቸው፣ አገሪቱም በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሥርዓት ደጋግማ ስለ ተሸጋገረች ነው። ይህ ከሆነ የተዋናዩን ታሪክ መሰብሰብ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ሥራ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ክፍልም ሥራ ነው።

ስለዚህ ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በዚህ ክረምት ወደ ትውልድ አገራችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን ቢያንስ ከሁለት አዛውንቶች ዘንድ ቀርበን መጀመሪያ ያዩትን ተውኔት ወይም ፊልም፣ በራዲዮ የሰሙትንም ድምፅ ጠይቀን በደብተር እንጻፍ፤ በየቤቱ ሣጥን የተቀመጠ የቴአትር ማስታወቂያ ወይም የድምፅ ክር ካለም ግልባጩን እናምጣ። ሥራው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። በሸዋ ሮቢት ያነጋገርኳቸው አዛውንት ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ስለዚያ የራዲዮ ምሽት ሲጨርሱ፣ ስሙን የረሱትን የአንድ ገጸ ባሕርይ አነጋገር በራሳቸው ድምፅ አስመስለው አሰሙኝ፤ ደጃፍ የተቀመጡት የልጅ ልጆቻቸውም ሣቁ። እኔም ደብተሬን የከፈትኩት በዚያን ጊዜ ነው።