ድርና ማግ በወገራ ደጋ
ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኮሶዬ፣ የወገራ ደጋ ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ስለተቀመጠች፣ ጥጥ ከማይበቅልበት፣ በግ ግን ከማይጠፋበት የብርድ አገር ትመደባለች። የአካባቢውን ሽመና ለመረዳት መነሻውም ይኸው ነው፤ ጥጡ ከቆላ በገበያ ሲመጣ፣ ጠጉሩ ከደጅ ይገኛል። ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስና ምንጣፍ፣ በመንዝ ዝተት እየተባለ የሚታወቀው ወፍራም ልብስ፣ መኳንንቱ ይደርቡት የነበረው ጥቁር በርኖስም የዚሁ የደጋ በግ ጠጉር ውጤቶች ናቸው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በቱርክ አናቶሊያ ዩሩክ የሚባሉት ዘላን አርብቶ አደሮች የሚሠሩት ኪሊም፣ ማለትም የቆመ ክር ሳይኖረው በድርና ማግ ብቻ የሚሸመን ዝርግ ምንጣፍ፣ ያገሩን ጠባይ የሚያሳየው በቀለምና በቅርጽ ነው፤ ማጉ ቀለሙ ባበቃበት ድር ላይ ዞሮ ስለሚመለስ በሁለት ቀለማት መካከል ስንጥቅ ይቀራል፣ ሸማኔዋም ስንጥቁ እንዳይረዝም ቅርጹን እንደ ደረጃ እየሰበረች ትወጣለች። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ጠጉሩ እምብዛም ስለማይነከር፣ የባናው መልክ የበጉ መልክ ነው፤ ጥቁሩ፣ ነጩና ቡኒው እንደ ተሸለተ ይፈተላል፣ ጌጥ ቢኖርም ከእነዚሁ የሚወጣ ጥለት ነው። ይህን እንደ ድህነት የሚቆጥር ተመልካች የተፈጥሮ ጠጉር ቀለም ጎልቶ ሲታይ ምን ያህል ልዩነት እንደሚሰጥ ያላስተዋለ ነው።

የተሸለተው ጠጉር ታጥቦና በደጋን ተነድፎ በእንዝርት ከተፈተለ በኋላ፣ ሸማኔው ከሽመና ጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ አውርዶ መርገጫውን እያፈራረቀ፣ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያቀብላል፤ የጨርቁም ስፋት ከክንዱ መድረሻ ስለማያልፍ፣ ሰፊ ባና የሚገኘው ሁለት ጨርቅ ጎን ለጎን ሲሰፋ ነው። የዩሩክ ሴት መሬት ላይ በችካል የወጠረችውን ድር ካላለቀ ሥራዋ ጋር ጠቅልላ በግመል ጭና ትሄድ ነበር፤ ጉድጓድ ግን አይጫንም። በዚህም የተነሣ በደጋው ሽመና የሰፈረ ሰው፣ ያውም የወንድ ሥራ ሆኖ፣ ሴቶች በፈትሉ ተወስነዋል።

ሽመናው የወንድ ሥራ ይሁን እንጂ የማንኛውም ወንድ ሥራ አልነበረም። ባለርስቱ ገበሬ እደ ጥበብን ስለሚንቅ፣ በጎንደር ዙሪያ ሙያው በአብዛኛው ከርስት በተገለሉት በቤተ እስራኤልና በሙስሊሞች እጅ ነበር፤ በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሁለቱም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። ከከተማው በስተሰሜን፣ በኮሶዬው መንገድ ላይ ያለችው የወለቃ ቤተ እስራኤሎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ እስራኤል ሲሄዱ መንደሩ ባለሙያዎቹን አጣ፤ ቀደም ብሎም የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ከባናው ጋር በገበያ መሻማት ጀምሮ ነበር። ዛሬ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መንገዶች እረኞች ለጎብኚ የሚሸጡት የሱፍ ቆብ የሚሠራው ከዚያው ከደጋው በግ ጠጉር ሲሆን፣ ለቆብ ደግሞ ጉድጓድም መርገጫም አያስፈልግም።