ድርቆሽ

ባለፈው ሐምሌ ወተት የምታቀርብልን ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ድርቆሽ እኮ አልቻልነውም፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ሊትሩ ላይ ትንሽ ልጨምር ነው» አለችኝ። እኔ ሞኙ ያደግሁት የእንጀራ ድርቆሽ እየቆረጠምኩ ነውና «ምነው፣ ጤፉ ተወደደ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። ከት ብላ ሳቀች። «ኧረ የላሞቹን ነው የምልዎ!»

ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው በአንድ ቃል ተሸወደ። ግን እኮ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። አማርኛችን ለሁለቱም ያለው ስም አንድ ነው። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀው እንጀራም ድርቆሽ፣ ታጭዶ የደረቀው ሣርም ድርቆሽ። የመጀመሪያውን እናቶቻችን ለዘማች ስንቅ ይቋጥሩት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ዋሽንግተን ላለው ልጅ በሻንጣ ይላካል። በሁለተኛው ከብቱ በጋውን ይሻገርበታል። ምሥጢራቸውም አንድ ነው፤ በጥጋብ ቀን ለችግር ቀን ማስቀመጥ። ችግሩ ያለው አስቀማጩና በላተኛው የተለያዩ ሲሆኑ ነው።

ይህ ደግሞ የዛሬ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የበቅሎና የፈረስ ከተማ ነበረች። መኳንንቱ በበቅሎ፣ ወታደሩ በፈረስ፣ ነጋዴው በአጋሰስ። ይህ ሁሉ እንስሳ መኖ ይፈልጋል። ገበሬው ለጌታው እህል ብቻ አልነበረም የሚያገባው፤ አጥር ማጠርም፣ እንጨት መሸከምም፣ ሣር ማጨድም ነበረበት። ለተከበረ እንግዳ በሚሰጠው ድርጎ ውስጥም ለእንግዳው እንጀራና ጠጅ ሲቀርብ፣ ለበቅሎው የሚበላው አይረሳም። ለከተማው ጌታ ሣር ዋጋ አልነበረውም። ዋጋውን የከፈለው የገበሬው ወገብ ነው።

ከተማዋ ገና ሳትጠና ክፉ ቀን መጣ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን ሲያዳርስ ከብቱ አለቀ፤ ከ10ሩ 9ኙ ሞተ የሚሉ አሉ። የሚያርስ በሬ ጠፋ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ሲጨመሩበት ሰውም አብሮ ረገፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ አንሥተው መቆፈራቸው የሚነገረው ያኔ ነው። ከዚያ ዘመን የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር ከብት የገበሬው ቅንጦት ሳይሆን እግሩ መሆኑን ነው።

ከዚያ መኪና መጣና በቅሎዋን ከከተማ አስወጣት። በቅሎዋ ስትወጣ ግን ላሚቱ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለአገራችን ሰጠ፤ ዛሬ በየጓሮው የምናያት የከተማ ወተት ላም ታሪኳ ከዚያ ይነሣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ ግዴታ አላቀቀው። ሣር በግዴታ መታጨዱ ቀረ፤ በብር ይሸጥ ጀመር።

ዋናው ገበያ ከእንጦጦ ጀርባ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር በመሆኑ ከእህል ይልቅ ለሣር ይስማማል። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። ብዙው ገበሬ ግን ሣሩን ገና በቁሙ ለነጋዴ ይሸጠዋል፤ የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመስቀል ወጪ አይጠብቁማ። ኅዳር ላይ የረከሰው እስር ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ልዩነቱ የሚገባው አጫጁም ኪስ፣ አላቢዋም ኪስ አይደለም። መጋዘን ያለው ኪስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ድርቆሽ የሚሸጠው በእስር እንጂ በኪሎ ወይም በጥራት አይደለም። ሣር እያረጀ ሲሄድ አገዳው ይበዛል፣ ፕሮቲኑ ይቀንሳል፤ ከ7 በመቶ ሲያንስ ላሚቱ የበላችውን በወጉ መፍጨት ያቅታታል። ቀድሞ ቢታጨድ ይሻል ነበር፤ ግን ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ እስሩም ያንሳል። ስለዚህ ሁሉም እስኪያረጅ ይጠብቃል። ጎረቤቴ በውድ የምትገዛው ሆድ የሚሞላ፣ ጡት የማይሞላ ነው። ጉድለቱን በፉርሽካና በፋጉሎ ስትሞላ ሌላ ወጪ። በዚህ ላይ ጾም ሲገባ ወተቱ ገዢ ያጣል፤ ላሚቱ ግን አትጾምም።

ሜዳውም እየጠበበ ነው። በየሄድንበት አጥርና ሕንፃ ይበቅላል፤ ሱሉልታም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች። ከተማ አይስፋ የሚል የለም፤ እኔም የምኖረው ትናንት ሜዳ በነበረ መሬት ላይ ነው። ግን ከተማዋ ወተት እየጠየቀች ላሟ የምትበላውን ሜዳ ስትውጥ፣ በሬው ሣሩን እንጂ ገደሉን አላየም የተባለው ተረት ተገልብጦብን የለም ወይ? እኛ ያየነው ገደሉን ሕንፃ አድርገን ነው፤ ሣሩን አላየነውም።

ሣር ማጣት ምን እንደሚያመጣ ቦረና አሳይቶናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ 5 ወቅት ተከታትሎ ሲቀር፣ ድርቆሽ በመኪና ተጭኖ ወደዚያ ወረደ። ለብዙው ከብት ግን ዘግይቶ ነበር። የተጠራቀመ ድርቆሽ ለአርብቶ አደር የባንክ ደብተር ነው፤ ባንኩ ባዶ ከሆነ በኋላ የሚመጣ ብር አያድንም።

እንግዲህ መፍትሔው ተአምር አይፈልግም። አጫጆቹ በማኅበር አንድ መጋዘን ቢኖራቸው፣ ሣሩን በቁሙ ከመሸጥ የሚያቆያቸው ትንሽ ብድር ኅዳር ላይ ቢያገኙ፣ እስሩ ሚዛን ላይ ቢወጣ፣ ውሃ የሚተኛበት ሜዳም ለሣር ቢከለል፣ አጫጁም አላቢዋም እፎይ ይሉ ነበር።

ጎረቤቴ በነሐሴ አንደኛዋን ላም ሸጠች። «አንዷን ለማብላት አንዷን ሸጥኩ፣ ጋሼ» አለችኝ። ያን ቀን አልሳቀችም። እኔም ስለ ሁለቱ ድርቆሾች ላወራላት ያሰብኩትን ዋጥ አድርጌ፣ የጨመረችውን ከፍዬ ወተቴን ይዤ ገባሁ።